ሳሙኤል ጆንሰን፤ ሕመሙን በኢትዮጵያ ስም የተረከ ደራሲ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ደረጃ ላይ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ከሚጣደፉት ልጆች መካከል አንዱ ወደ ኋላ ቢቀር ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ልጁ ደረጃውን ይቈጥራል፤ የመጨረሻውን እርከን በቀኝ እግሩ ካልረገጠ ተመልሶ ይወጣና እንደገና ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ያለውን የመብራት ምሰሶ ሳይነካ ካለፈ በእናቱ ላይ ክፉ ነገር የሚደርስ ይመስለዋል። ሐሳቡ መሠረት የሌለው መሆኑን ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ ያውቀዋል፤ ይሁን እንጂ ማወቁ ዕረፍት አይሰጠውም። በቤት እልኸኛ፣ በትምህርት ቤት አርፋጅ ይባላል፤ ጓደኞቹ ሲስቁበትም ምሥጢሩን አጥብቆ ይደብቃል። እንዲህ ያለው ልጅ በስም ተለይቶ የሚታወቅ አንድ ሰው አይደለም፤ በየሰፈሩና በየክፍሉ ሊኖር የሚችል ነው። የሥነ ልቦና ባለሞያዎች ሕመሙን አባዜ ይሉታል፤ ይኸውም ሳይፈለግ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅ ሐሳብና ያንን ጭንቀት ለማብረድ ተደጋግሞ የሚፈጸም አስገዳጅ ድርጊት አንድ ላይ ሲቈራኙ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከመቶ ልጆችና ወጣቶች ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት በዚህ ሕመም ይያዛሉ።

ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በፊት በለንደን ጎዳናዎች ላይ እንዲሁ ምሰሶ እየነካ የሚሄድ፣ አንዱን ዘልሎ ያለፈ እንደሆነም ተመልሶ የሚነካ አንድ ግዙፍ ሰው ነበር። ይህ ሰው የእንግሊዝኛን ቋንቋ ታላቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ኢትዮጵያን በእግሩ ባይረግጣትም የመጀመሪያው መጽሐፉ ስለ ኢትዮጵያ ነበር፤ በልብ ወለድ ታሪኩ ውስጥም የአማራን ምድር መነሻ አድርጎ የራሱን ጭንቀት የሚመስል ጭንቀትና ከእርሱም የሚያወጣውን መንገድ ተርኳል። ስለዚህ የዚህን ሰው ሕይወት መመርመር በአገራችን ልጆችን ለሚረዳ ባለሞያ ከሥነ ጽሑፍ ዕውቀት ያለፈ ጥቅም አለው።

ጆንሰን በአውሮፓ አቆጣጠር መስከረም 18 ቀን 1709 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሊችፊልድ በተባለች ከተማ ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ማይክል ጆንሰን መጽሐፍ ሻጭ ነበር፤ እናቱ ሣራም እርሱን ስትወልድ ዕድሜዋ አርባ ዓመት ደርሶ ነበር። ሕፃኑ ብዙም ሳይቈይ የአንገት ዕጢዎችን የሚያሳብጥና የሚያቈስል፣ ከሳንባ ነቀርሳ ወገን የሆነ በሽታ ያዘው። በሽታው በፊቱና በአንገቱ ላይ ጠባሳ ጣለ፤ አንደኛው ዓይኑም ለማየት እስኪሳነው ድረስ ደከመ። በዚያ ዘመን የነገሥታት እጅ ይህን በሽታ ይፈውሳል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር በ1712 እናቱ ወደ ለንደን ወስዳ በንግሥት አን እጅ አስነካችው። ንግሥቲቱ የሰጠችውን የወርቅ ሜዳልያ ዕድሜውን ሙሉ በአንገቱ አንጠልጥሎ ኖረ። ልጇን ተሸክማ ጠበል ለጠበል ለምትንከራተት ኢትዮጵያዊት እናት ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንባትም።

በትምህርቱ ከእኩዮቹ የሚስተካከለው አልነበረም። ይሁን እንጂ ድህነት ተከተለው፤ በ1728 ኦክስፎርድ ወደሚገኘው ፔምብሮክ ኮሌጅ ገብቶ ከአሥራ ሦስት ወር በኋላ ገንዘብ በማጣቱ ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ። ጫማው ተቀዶ እግሩ ይታይ ስለ ነበር አንድ ርኅሩኅ ሰው አዲስ ጫማ በሩ ላይ ቢያስቀምጥለት በቍጣ አንሥቶ መወርወሩ ይነገራል። ወደ ሊችፊልድ የተመለሰውም ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ተስፋው የጨለመበት ወጣት ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን ሙሉ ያልለቀቀው የመንፈስ ጭንቀት ሥር የሰደደው በዚህ ወራት ነው። ሰዓት እያየ ስንት እንደሆነ መለየት እስኪያቅተው ድረስ የሚደነዝዝባቸው ቀኖች ነበሩ። ሐሳቡን ለማሸነፍ ሲል ከሊችፊልድ እስከ በርሚንግሃም ደርሶ መልስ ከ50 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በእግሩ ይሄድ ነበር።

በዚያው ጊዜ አንድ ነገር ተፈጸመ። ወጣቱ የሕመሙን ሁኔታ በላቲን ቋንቋ በዝርዝር ጽፎ ሐኪምም የክርስትና አባቱም ለሆነው ለዶክተር ሳሙኤል ስዊንፈን ሰጠ። ሐኪሙ የጽሑፉን ጥራትና ብስለት እጅግ ስላደነቀ ለሌሎች ሰዎች አሳየው። ክፋት አስቦ አልነበረም፤ በልጁ ኰርቶ ነው። ጆንሰን ግን ምሥጢሩ አደባባይ መውጣቱን በሰማ ጊዜ ክፉኛ አዘነ፤ ከዚያ በኋላ ከክርስትና አባቱ ጋር እንደ ቀድሞው ሊሆን አልቻለም። ሰው ጭንቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር የሚሰማው ጆሮ እንዴት እንደሚሰማው የቀረውን መንገድ ይወስናል። ስዊንፈን የጽሑፉን ውበት አየ፤ የጸሐፊውን ሥቃይ ግን እንደ አደራ አልጠበቀም።

በ1731 አባቱ ሞተ። ጆንሰን ሥራ ፍለጋ ወደ በርሚንግሃም ሄዶ የልጅነት ጓደኛው የሆነው ሐኪሙ ኤድመንድ ሄክተር ባለበት ተቀመጠ። ኢትዮጵያ ወደ ሕይወቱ የገባችው እዚህ ላይ ነው። ጀሮኒሞ ሎቦ የተባለው ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ሚሲዮናዊ በ1625፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ቈይቶ ነበር፤ የጕዞ ታሪኩንም ለ ግራን የተባለ ካህን በ1728 ወደ ፈረንሳይኛ መልሶ አሳተመው። ጆንሰን ይህን መጽሐፍ በኦክስፎርድ አንብቦት ስለ ነበር ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ተስማማ። ነገር ግን ሥራውን እንደ ጀመረ ኃይሉ ከዳው፤ ከአልጋው መነሣት አቃተው። ሄክተር የአታሚው ቤተ ሰቦች በሥራው መጓተት የሚቸገሩ መሆናቸውን ነገረው። የራሱ ችግር ሊያንቀሳቅሰው ያልቻለው ሰው በሌሎች ችግር ተነቃቃ፤ መጽሐፉን አልጋው ላይ አስደግፎ በቃሉ እየተረጐመ ተናገረ፤ ሄክተርም በጽሕፈት አነሣው። መጽሐፉ በ1735 ታተመ፤ የተከፈለው ዋጋም አምስት ጊኒ ነበር። ሄክተር የሥነ ልቦና ትምህርት አልተማረም፤ ሆኖም ጓደኛውን ሳይወቅስና ሳይቈጣ አንድ ትንሽ እርምጃ እንዲራመድ ረዳው፤ እርሱ ራሱም ብዕሩን ይዞ አብሮት ተቀመጠ።

በዚያው ዓመት ጆንሰን ኤሊዛቤት ፖርተር የተባለችውን፣ በዕድሜ ሃያ ዓመት የምትበልጠውን ባልቴት አገባ፤ መምህር ለመሆንም ሞከረ። ሊቅነቱን የተጠራጠረ አልነበረም። ነገር ግን ፊቱ ሳያዝበት ይጨማደዳል፤ እጁና ትከሻው ይወራጫል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሶሊሀል ትምህርት ቤት ኃላፊዎች ይህ ሁኔታው በልጆቹ ላይ መጥፎ ውጤት ያመጣል ብለው ሰግተው አልተቀበሉትም። በኤዲያል በሚስቱ ገንዘብ የከፈተው ትምህርት ቤትም ጥቂት ተማሪዎች ብቻ ስላገኘ ብዙ ሳይቈይ ተዘጋ። ከተማሪዎቹ አንዱ በኋላ በተዋናይነቱ ዝነኛ የሆነው ዴቪድ ጋሪክ ነበር፤ በ1737 መምህርና ተማሪ አብረው ወደ ለንደን ወጡ።

ለንደን ውስጥ ለረጅም ዓመታት በብዕሩ እንጀራ ሲጋግር ኖረ። በ1746 መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት ውል ገብቶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከደከመ በኋላ ከ42,000 በላይ ቃላት የያዘው ሥራው በ1755 ወጣ። ዝናው ከፍ ባለ መጠን ግን የሚያዩት ዓይኖች በዙ፤ ልማዶቹም በወዳጆቹ ማስታወሻ ላይ ሰፈሩ። ከ1763 ጀምሮ የሚያውቀውና በኋላ ሕይወቱን የጻፈው ጀምስ ቦዝዌል፣ ጆንሰን በር ሲገባና ሲወጣ እርምጃውን እየቈጠረ ደፉን በተወሰነ እግሩ ብቻ ያልፍ እንደ ነበር፣ ቍጥሩ የተሳሳተበት እንደ ሆነም ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይጀምር እንደ ነበር መዝግቧል። ሌሎችም የመንገድ ምሰሶዎችን እየነካ መሄዱን፣ የንጣፍ ድንጋዮችን መጋጠሚያ ላለመርገጥ መጠንቀቁን ተርከዋል። ሐሳቡ ሲያስጨንቀው ረጅም የሒሳብ ስሌት ይዞ ይቀመጥ ነበር። በየዓመቱ ማለዳ ለመነሣት፣ ጊዜውን ላለማባከን፣ ከከንቱ ሥጋት ለመላቀቅ በጸሎት መጽሐፉ ላይ ቃል ይገባል፤ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ቃሉን ባለመጠበቁ ራሱን ይከሳል። ይህም ለአሥርተ ዓመታት ቀጠለ።

ሠዓሊው ጆሽዋ ሬይኖልድስ ከሁሉ ጠልቆ ተመልክቶታል። እርሱ እንዳስተዋለው የጆንሰን እንቅስቃሴ ከሥጋዊ መንፈራገጥ የተለየ ነበር፤ ሠዓሊው ፊት ጸጥ ብሎ እንዲቀመጥ ሲጠየቅ እንደማንኛውም ሰው ይቀመጥ ነበር። ልማዱ የሚመጣው ሐሳቡ በሌላ ነገር ሳይያዝ ሲቀር ነው፤ ሬይኖልድስ እንቅስቃሴዎቹ ያለፈውን ጥፋቱን የሚገሥጹ መስለው ታይተውታል። ጆንሰን ራሱ ግን ስለዚህ ነገር ከሰው ጋር ለመነጋገር አይወድም ነበር። አንድ ጊዜ የባለቅኔው የክሪስቶፈር ስማርት የእኅት ወይም የወንድም ልጅ የሆነች ትንሽ ልጅ በየዋህነት ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ጠየቀችው። እርሱም ከመጥፎ ልማድ የመጣ መሆኑን ነገራት፤ እርስዋም ከእንዲህ ያለው ልማድ እንድትጠነቀቅ መከራት። በዕውቀቱ ዓለምን ያስደነቀ ሰው ለሕመሙ ያገኘለት ስም መጥፎ ልማድ የሚል ብቻ ነበር። ዘመኑ ከዚህ የተሻለ ስም አልነበረውም። ይህ ስም ግን ሕመሙን ወደ ጥፋት፣ ሕመምተኛውንም ወደ ጥፋተኛ ይለውጣል።

በጥር 1759 እናቱ ሊችፊልድ ውስጥ ሞተች። ጆንሰን ለ19 ዓመት ያህል ሄዶ ሳያያት ነው የተለየችው፤ በዚህም ጸጸቱ ከባድ ነበር። የቀብሯን ወጪና የቀረውን ዕዳ ለመክፈል ሲል በአንድ ሳምንት ምሽቶች አንድ መጽሐፍ ጻፈ። ይህም የአቢሲኒያው ልዑል የራስሴላስ ታሪክ ነው። የልዑሉ ስም በሎቦ መጽሐፍ ውስጥ ከተጠቀሰው ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም የተወሰደ እንደሆነ ይታመናል። በኋላም የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ ስለ መለሱት የኢትዮጵያ አንባቢ በገዛ ቋንቋው ሊያገኘው በቅቷል።

ራስሴላስ በአማራ ምድር በተራራ በተከበበ፣ ምንም በማይጐድልበት ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶ ያደገ ልዑል ነው። ደስታን ለመፈለግ ከባለቅኔው ከኢምላክ፣ ከእኅቱ ከነቃያና ከወዳጅዋ ከፔኩዋ ጋር ከሸለቆው አምልጦ ወደ ካይሮ ይወርዳል። በዚያም ኢምላክ አርባ ዓመት ከዋክብትን ሲመረምር የኖረ አንድ ሊቅ ይተዋወቃል። ሰውየው ዐዋቂ፣ ደግና ትሑት ነው፤ ዳሩ ግን በልቡ የሸሸገው ሸክም አለ። ብዙ ጊዜ ከቈየ በኋላ ምሥጢሩን ይገልጣል፦ ላለፉት አምስት ዓመታት ፀሐይን የሚያዝ፣ ዝናቡን ለየአገሩ የሚያከፋፍል እርሱ ነው። ሥልጣኑ አላስደሰተውም። ለአንዱ አገር ዝናብ ሲሰጥ ሌላውን የሚበድል ይመስለዋል፤ ለአንድ አፍታ ቢዘናጋ ዓለም የምትጠፋ ይመስለዋል። ዕድሜው ስለ ገፋም ይህን ኃላፊነት የሚያወርሰው ታማኝ ሰው ይፈልጋል።

የአባዜን ሕመም የሚያውቅ ባለሞያ ይህን ሲያነብ ወዲያው የሚታየው ነገር አለ። ሊቁ ሐሳቡን እንደ እውነት ስለሚቀበል ሁኔታው በሁሉም ረገድ ከዛሬው የሕመሙ መግለጫ ጋር አይገጥምም። ነገር ግን ከልክ ያለፈው የኃላፊነት ስሜት፣ እኔ ካልጠበቅሁ ጥፋት ይመጣል የሚለው ሥጋት፣ ምሥጢሩን ለመናገር ያለው ፍርሃት ምሰሶ ሳይነካ ካለፈ እናቱ የምትሞት ከሚመስለው ልጅ ጭንቀት ጋር አንድ ነው። ጆንሰን በኢምላክ አንደበት ከሁሉ የጠለቀውን ነጥብ አንሥቷል፤ ይኸውም የሐሳብ ሕመም ከበደለኛነት ፍርሃት ጋር ሲደባለቅ ለመፈወስ እጅግ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ሰው ሐሳቡን ለማባረር ሲነሣ ኅሊናው ይይዘዋልና።

ከዚህም በላይ የሚያስገርመው ሕክምናው ነው። ኢምላክ ታሪኩን ሲነግራቸው ሴቶቹ ሣቁ፤ እርሱ ግን በሰው ሕመም መሣቅ የማይገባ መሆኑን ነግሮ ገሠጻቸው። ከዚያ በኋላ ሊቁን ሊከራከረው የተነሣ የለም፤ ሥልጣኑን አምኖ የታዘዘለትም የለም። ፔኩዋ የከዋክብትን ትምህርት ልማር ብላ ወደ ቤቱ ተመላለሰች፤ ሰውየው ቀስ በቀስ ከብቸኝነቱ ወጣ፤ ከወዳጆቹ ጋር መጫወት፣ መንሸራሸር ጀመረ። በሰው መካከል በዋለ ቍጥር የሐሳቡ ኃይል ደከመ፤ ሌሊት ብቻውን ሲሆን ግን ተመልሶ ያዘው። ኢምላክም ሐሳቡ በመጣ ጊዜ ከእርሱ ጋር ሙግት እንዳይገጥም፣ ይልቁንም ወደ ሥራ ወይም ወደ ወዳጅ እንዲሄድ፣ ከሰው ልጅ ብዛት መካከል እርሱ አንዱ ብቻ መሆኑን እንዲያስታውስ መከረው። ሊቁ ዳነ፤ መዳኑም ቀስ በቀስ፣ እየወደቀና እየተነሣ ነበር።

ጆንሰን ይህን ሲጽፍ ዕድሜው 49 ነበር። ለሊቁ የሰጠውን ወዳጅነት እርሱ ራሱ ያገኘው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። በ1766 ጭንቀቱ ከፍቶ ለሳምንታት ከክፍሉ አልወጣ ባለ ጊዜ ባለጠጋው ጠማቂ ሄንሪ ትሬልና ሚስቱ ሄስተር ሊጠይቁት መጡ። አእምሮውን እንዳያጣ እየተማጸነ ባዩት ጊዜ ደንግጠው ከለንደን በስተደቡብ ስትሬተም ወደሚገኘው ቤታቸው ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ለአሥራ ስድስት ዓመት ያህል በቤታቸው የራሱ ክፍል ነበረው። ልጆቻቸውን አጫወተ፤ የመጀመሪያዪቱን ልጅ ላቲን አስተማረ። ለሄስተር ትሬልም አንድ የቍልፍ ጋን በአደራ ሰጣት፤ ብዙዎች ይህን የተረዱት አእምሮውን ባጣ ጊዜ እንድታስረው ማዘጋጀቱ ነው ብለው ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩ፣ በለንደኑ የቤድላም ሆስፒታልም ለተመልካች መዝናኛ ይሆኑ ስለ ነበር ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ሰንሰለቱ በኛም አገር ያልታየ አይደለም።

በራሱ ላይ ጨካኝ የነበረው ይህ ሰው ለልጆች ርኅሩኅ ነበር። ሌሊት ወደ ቤቱ ሲመለስ በየደጃፉ ተኝተው በሚያገኛቸው ድኾች ልጆች እጅ ውስጥ፣ ሲነቁ ቍርስ እንዲገዙበት፣ ሳንቲም ያስቀምጥ ነበር። በባርነት ከጃማይካ የመጣውን ፍራንሲስ ባርበርን በልጅነቱ ከቤቱ ተቀብሎ ትምህርት ቤት አስገባው፤ በኋላም ወራሹ አደረገው። የልጅነት በደሉን ግን አልረሳም። አባቱ በሕይወት ሳለ ወደ ዩቶክሰተር ገበያ ሄዶ መጽሐፍ እንዲሸጥለት ቢለምነው በትዕቢት እምቢ ብሎት ነበር። ከሃምሳ ዓመት ያህል በኋላ ሽማግሌው ጆንሰን ወደዚያው ገበያ ሄዶ ባርኔጣውን አውልቆ፣ የአባቱ መደብ ከነበረበት ሥፍራ፣ በዝናብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ታኅሣሥ 13 ቀን 1784 በ75 ዓመቱ ሞቶ በዌስትሚንስተር ገዳም ተቀበረ።

ለልማዱ ስም የተገኘለት እርሱ ካረፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ጆርጅ ዢል ደ ላ ቱሬት ያለፈቃድ የሚመጡ እንቅስቃሴዎችና ድምፆች የሚታዩበትን ሕመም በ1885 ገለጠ። ሐኪሙ ማሪ በ1979 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው ጥናት ጆንሰን ይህ ሕመም እንደ ነበረበት አስረዳ፤ የቱሬት ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአባዜ ጋር ተጣምሮ የሚገኝ፣ በልጅነት የሚጀምር ነው። በሞተ ሰው ላይ የሚሰጥ የሕመም ስም ምን ጊዜም ጥንቃቄ ይሻል፤ የወዳጆቹ ምስክርነት ግን ከብዙ ሕሙማን መዝገብ ይልቅ የተሟላ ነው።

ሕክምናውም ዘግይቶ መጣ። በ1966 ቪክተር ማየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሞያ ለንደን ውስጥ ሁለት ሕሙማንን የሚፈሩትን ነገር እንዲጋፈጡ፣ የለመዱትን አስገዳጅ ድርጊት ግን እንዳይፈጽሙ በማድረግ እንደረዳ አስታወቀ። የአሠራሩ ምክንያት ቀላል ነው። ሐሳቡ ጭንቀት ያመጣል፤ ምሰሶውን መንካት ጭንቀቱን ለጊዜው ያበርዳል፤ ዕፎይታውም ልጁን ለሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ያስረዋል። ሳይነካ ቢቈይ ግን ጭንቀቱ ይታገሠዋል፤ የፈራውም ነገር አይደርስም፤ ልጁም ይህን በራሱ ሕይወት ይማራል። ለልጆች ሲሆን ሥራው እንደ ደረጃ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይወጣል፤ ልጁ ሕመሙን ከራሱ ለይቶ ስም ያወጣለታል፤ ወላጆችም አብረው ይማራሉ። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 17 በሆኑ 112 ልጆች ላይ ተደርጎ በ2004 በወጣው ጥናት፣ ከ12 ሳምንት በኋላ በዚህ ዓይነቱ የሥነ ልቦና ሕክምና ብቻ ከተረዱት ከመቶ 39 ያህሉ፣ ሕክምናውን ከመድኃኒት ጋር ካገኙት ከመቶ 54 ያህሉ፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 21 ያህሉ፣ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው ከመቶ 4 ያህሉ ብቻ ሕመሙ በእጅጉ ቀለለላቸው።

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ለብዙ ዘመን በዐማኑኤል ሆስፒታል ዙሪያ ተወስኖ ኖሯል፤ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውም በ2003 ነው። ስለዚህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚኖር ልጅ ጭንቀቱን አስቀድሞ የሚነግረው ለሐኪም ሳይሆን ለእናቱ፣ ለመምህሩ ወይም ለንስሐ አባቱ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ልጅ እጁን አርባ ጊዜ ሲታጠብ የጀሪካኑ ውሃ ያልቃል፤ ቍጣም ይነሣል። ቍጣው ጭንቀቱን ያብሳል፤ ጭንቀቱም መታጠቡን። እናት ከጭቅጭቅ ለመዳን ብላ ውሃውን ራስዋ ስታፈስለት ደግሞ ሳታውቀው ሕመሙን ትታዘዛለች። ስለ አንድ ክፉ ሐሳብ በየቀኑ ንስሐ ልግባ የሚለውን ልጅ በሃይማኖት ጠንካራ ነው ብሎ ማመስገንም እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ ባለሞያው እምነቱን አይነካም፤ ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ አንድ ጊዜ የተነገረው እንዲበቃ ማድረግ ግን ይችላል።

ጆንሰን በሕይወቱ ሦስት ዓይነት ሰሚ አግኝቷል። ስዊንፈን አድንቆት ምሥጢሩን አወጣ፤ የሶሊሀል ሰዎች ልጆች እንዳያዩት አራቁት፤ ሄክተርና ትሬሎች ግን አጠገቡ ተቀመጡ። በጀሞ ደረጃ ላይ ለሚዘገየው ልጅም ከሦስቱ አንዱ ይደርሰዋል። ሦስተኛው የደረሰው እንደ ሆነ አንድ ማለዳ ባለሞያው አብሮት ወደ መንገዱ ይወርዳል፤ ከምሰሶዎቹ ሁሉ ልጁ እምብዛም የማይፈራውን መርጠው እጃቸውን ሳይዘረጉ ያልፉታል፤ ጥቂት ራቅ ብለውም ጭንቀቱ እስኪበርድ ድረስ አብረው ይቆማሉ።